ጭልፊቱ ሲያንዣብብ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?



ጫጩት ያላት ዶሮ የጭልፊት ጥላ ስታይ ምን እንደምታደርግ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ክንፏን ዘርግታ ልጆቿን ትሰበስባለች። በዓለም ፖለቲካ ውስጥም «ጭልፊት» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ጠብን ሁሉ በኃይል መጨረስ የሚሹ፣ ድርድርን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ፣ ከእነሱ ለየት ያለ ሐሳብ ያቀረበውን ሁሉ ፈሪ ወይም ከሃዲ የሚሉ ናቸው። ንግግርንና ሰጥቶ መቀበልን የሚያስቀድሙት ደግሞ «እርግብ» ይባላሉ።

ስያሜው በአሜሪካ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1812 ሄንሪ ክሌይና ጆን ካልሁንን የመሳሰሉ ወጣት የምክር ቤት አባላት «የጦርነት ጭልፊቶች» ተብለው አገራቸውን ከብሪታንያ ጋር ወደ ጦርነት ገፏት። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሪታንያ ወታደሮች ዋሽንግተን ገብተው የፕሬዚዳንቱን መኖሪያና የምክር ቤቱን ሕንፃ አቃጠሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተፈረመው የሰላም ውልም ድንበሩን ጦርነቱ ሳይጀመር ወደነበረበት መለሰው። የሞተው ሞተ፤ የተቃጠለው ተቃጠለ፤ መሬቱ ግን ባለበት ቀረ።

በገንዘብ ጉዳይም ጭልፊት አለ። ይኸኛው ጥፍሩን የሚያሳየው ለጎረቤት አገር ሳይሆን ለዋጋ ንረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፖል ቮልከር የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ኃላፊ ሲሆን የዋጋ ንረቱ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። ቮልከር ወለዱ እስከ 20 በመቶ ገደማ እንዲወጣ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ የሥራ አጡ ቁጥር ወደ 11 በመቶ ተጠጋ፤ ገበሬውና ቤት ሠሪው ተቆጡ። ይሁን እንጂ በ1983 የዋጋ ንረቱ ወደ 3 በመቶ አካባቢ ወረደ። መድኃኒቱ መራራ ነበር፤ በሽታውን ግን አስታግሷል።

ይህን የምናነሣው የባዕድ ታሪክ ለማውራት አይደለም። የእኛ አገር ችግር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ የተፈራረቁ መንግሥታት ጨካኝ መሆን በሌለባቸው ቦታ ጨካኝ፣ ጥብቅ መሆን በሚገባቸው ቦታ ደግሞ ልል ሆነው ኖረዋል። ለጎረቤትና ለገዛ ዜጋቸው ጭልፊት፣ ለካዝናቸው ግን እጀ ሰፊ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ጥፋቶች አይደሉም። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይወልዳል፤ ሒሳቡንም በየወሩ በገበያ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ከባድመ እስከ ሞቃዲሾ

ኤርትራ በኅዳር 1990 ዓ.ም. ናቅፋን ስታወጣ ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። አስመራ ናቅፋና ብር በእኩል ዋጋ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ፈለገች። አዲስ አበባ ደግሞ ከአነስተኛ የድንበር ግብይት በስተቀር ንግዱ በኤል ሲ፣ በውጭ ምንዛሪ ይካሄድ አለች። ይህ የባንክ ባለሙያዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊጨርሱት የሚችሉት ክርክር ነበር። ነገር ግን በሁለቱም ከተሞች ቃላት እየከረሩ ሄዱ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር ባድመ ገባ፤ ጦርነቱም ተጀመረ።

የተወረረ አገር ራሱን የመከላከል መብት አለው። ለዚያ የዘመቱትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ዛሬም በክብር እናስባለን። ጥያቄያችን ከድሉ በኋላ ምን ተገኘ የሚለው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ጠፋ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ሲሰጥ መንግሥት መጀመሪያ እንደ ድል አበሰረው፤ ኮሚሽኑ ግን ባድመን የሰጠው ለኤርትራ ነበር። በጦር ሜዳ ያሸነፈ አገር በወረቀት ተረታ። ከዚያ በኋላ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ዘመን ሆነ። የአሰብ ወደብ ተዘጋ፤ የገቢና የወጪ ንግዳችን ሁሉ ማለት ይቻላል በጅቡቲ በኩል ብቻ አለፈ። ነጋዴው የከፈለውን የወደብና የመጓጓዣ ወጪ መልሶ ማን ላይ እንደጫነው ሸማቹ ያውቀዋል።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ደግሞ ጦራችን የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትን ለማስወጣት ሶማሊያ ዘልቆ ሞቃዲሾ ገባ። ከተማዋ በጥቂት ቀናት ተያዘች። ጦሩ የወጣው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2001 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ማን ነበሩ? ከዚያው ኅብረት መሪዎች አንዱ የነበሩት ሼህ ሸሪፍ አህመድ ናቸው። በጦር የተባረረው ሰው በድርድር ተመልሶ መንበር ላይ ተቀመጠ። በመካከሉ ደግሞ አልሸባብ ከአንድ የኅብረቱ ክንፍ ተነሥቶ ራሱን የቻለ ኃይል ሆኖ ወጣ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

በገዛ ዜጋ ላይ የተሳለ ጥፍር

ጭልፊትነት ድንበር ላይ አይቆምም። በጎረቤት ላይ የተማረውን በቤቱ ይደግመዋል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አባላት ገልጸዋል። የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ታሰሩ። ገዢው ፓርቲም ከዚያ የወሰደው ትምህርት «ይበልጥ እናጥብቅ» የሚል ነበር። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ከአጋሮቹ ጋር ወሰደ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. አንድም ሳያስቀር ጠቀለለው።

መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት ምን ያህል ጸና? ስድስት ወር ብቻ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ ፈነዳ፤ ቀጥሎ አማራ ክልል ደረሰ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ ጥያቄ አቀረቡ። ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ያጣ ሕዝብ ድምፁን በአደባባይ አሰማ። ጥብቅ የተባለው አገዛዝ ተሰባሪ እንደነበር ያኔ ታየ።

ከሁሉ የከፋው በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጣ። የሰሜን እዝ በተጠቃበት ሌሊት የተጀመረው ጦርነት በይፋ «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ተባለ፤ ከወር ባነሰ ጊዜም ተጠናቀቀ ተብሎ ታወጀ። ሁለት ዓመት ቆየ። ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አወደመ። በሁለቱም ወገን የነበሩ ጭልፊቶች «ከጠላት ጋር አንደራደርም» ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻ ጦርነቱን ያቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ነው። ለዚያ ስምምነት የተደረገው ንግግር አሥር ቀን እንኳ አልፈጀም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቻችንን የበላ ጠብ በጥቂት ቀናት ንግግር ከቆመ፣ ንግግሩ በመጀመሪያው ሳምንት ለምን አልተሞከረም? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ያኔ «ባንዳ» ይባል ነበር።

ሒሳቡ በገበያ ሲመጣ

አሁን ወደ ጓዳችን እንመለስ። ጦርነት በነፃ አይካሄድም። መንግሥት ለጦርነት የሚያወጣውን ገንዘብ ከግብር፣ ከብድር ወይም ከብሔራዊ ባንክ ያመጣል። ግብር መጨመር ሕዝብን ያስቆጣል። ከውጭ መበደር በጦርነት ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ብሔራዊ ባንክን «አበድረኝ» ማለት ነው። ባንኩ ሲያበድር ከምንም የተፈጠረ አዲስ ብር ወደ ገበያ ይገባል። የጤፉ፣ የዘይቱና የሲሚንቶው መጠን ሳይጨምር ብሩ ብቻ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል። ይህ ማንም ድምፅ ያልሰጠበት፣ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጀት ዓመት አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ትልቁ ድርሻ ለመከላከያ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ዓመታዊው የዋጋ ንረት 37 በመቶ ገደማ ደረሰ። ለሐቅ ስንል ጦርነቱ ብቸኛው ምክንያት እንዳልነበረ እንናገራለን። ድርቅ ነበር፤ በዩክሬን ጦርነት የተነሣ ስንዴ፣ ዘይትና ነዳጅ በዓለም ገበያ ተወድሶ ነበር። ይሁን እንጂ ቤቱ በሌላ ምክንያት ሲቃጠል ነዳጅ የሚጨምር መንግሥት ከተጠያቂነት አይድንም።

37 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? በወር 10,000 ብር የሚያገኝ መምህር ደመወዙ ካልተጨመረለት፣ ከዓመት በፊት በ7,300 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል ማለት ነው። በ7 በመቶ ወለድ 1,000 ብር ባንክ ያስቀመጠች እናት በዓመቱ 1,070 ብር ታገኛለች፤ በ1,000 ብር ትገዛው የነበረው አስቤዛ ግን 1,370 ብር ሆኖ ይጠብቃታል። ቆጥባ ከሰረች! በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ በየወሩ ሲቆጥብ የኖረ ሰው ለምን ቤቱ እየራቀው እንደሄደ ከዚህ ይረዳል። ጡረተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ተከራዩ፣ በእቁብ ሱቅ ለመክፈት ያሰበው ወጣት፣ ሁሉም ደረሰኝ የሌለውን ግብር ከፍለዋል።

በሽታው የትላንትና ብቻም አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሐምሌ የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. እንደገና ሲያሻቅብ መንግሥት ምን አደረገ? በራሱ ወጪ ላይ ሳይሆን በባለ ሱቁ ላይ ጭልፊት ሆነ። በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦና በመሳሰሉት ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ሸቀጡ ከመደብር ጠፋ፤ ሕዝቡ ተሰለፈ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ንረቱ 40 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በአነስተኛ ወለድ እንዲገዙ ታዘዙ። ትእዛዙ የተነሣው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ለነጋዴና ለአምራች ሊበደር ይችል የነበረ ገንዘብ መንግሥት ወደ መረጣቸው ፕሮጀክቶች ፈሰሰ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ብሔራዊ ባንክ መጥበቅ ጀምሯል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ፤ ገደቡ ኋላ ላይ ከፍ ተደርጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ባንክ አዋጅም መንግሥት ከባንኩ በሚወስደው ብድር ላይ ገደብ አበጅቷል። በዚያ ዓመት ንረቱ ከቀደሙት ዓመታት ዝቅ ማለቱን አንክድም። ፓርቲያችን ትክክለኛውን እርምጃ ትክክል ለማለት አያፍርም። የምንከራከረው ጥብቅነቱ በማን ላይ ቀድሞ አረፈ በሚለው ላይ ነው። ለአሥር ሰው ሥራ የሚፈጥረው የእንጨት ሥራ ባለሙያ ብድር ሲከለከል፣ የመንግሥት የቅንጦት ግንባታ ለአንድ ቀን አልቆመም። መጥበቅ ከላይ ይጀመር እንላለን።

የባሕር በር እና የጦርነት ወሬ

የባሕር በር ጥያቄ የኢትዮጵያ ሕጋዊና ሕይወታዊ ጥያቄ ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር በአንድ ወደብ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። ይህን ለማለት ግን ከበሮ መደለቅ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ሲባል ብዙዎቻችን ተስፋ አደረግን። ጎረቤትን ሳያማክሩ በችኮላ የተደረገ ነበርና ሶማሊያ ተቆጣች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የግብፅ የጦር መሣሪያ ሞቃዲሾ ገባ። የሶማሊያን ሉዓላዊነት ማክበር ሲገባን፣ ሊደርስ የማይገባውን እንግዳ ደጃችን ድረስ ጠራነው። ነገሩን ያበረደው ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ በቱርክ አደራዳሪነት የወጣው መግለጫ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስለ አሰብም አቋማችን ይኸው ነው። ወደብ የሚጠቅመው መርከብ ሲገባበት ነው፤ በመድፍ መካከል ደግሞ መርከብ አይገባም፤ ቢገባም መድን ሰጪው የሚጠይቀው ክፍያ ሸቀጡን እሳት ያደርገዋል። ከአስመራ ጋር መነጋገር ያለብን በንግድ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል፣ በመንገድ፣ በጋራ ጥቅም ነው። ጠንካራ መከላከያ እንዲኖረን እንፈልጋለን። ጠንካራ ሠራዊት የሚያስፈልገው ጦርነት እንዳይመጣ ለማስፈራት እንጂ፣ ለንግግር ትዕግሥት ያጣ ባለሥልጣን የሚተካው መሣሪያ እንዲሆን አይደለም።

ከእኛም ወገን

ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ መቀሰር ሐቀኝነት አይሆንም። በተቃዋሚው ጎራም ጭልፊቶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። በ1990ዎቹ «አሰብ በጉልበት» እያልን ጭብጨባ የሸመትን ነበርን። «ከዚህ መንግሥት ጋር መነጋገር ክህደት ነው» ብለን የተከፈተ በር የዘጋንበት ጊዜ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ዝም ያልነውም፣ የጮኽነውም አለን። ጭልፊትነት የአንድ ፓርቲ በሽታ አይደለም። ከበሮ ሲመታ መጨፈር ቀላል፣ «ቆይ፣ እናስላ» ማለት ግን ከባድ ነው። ዛሬ ከባዱን ለማለት ወስነናል።

ቃል የምንገባው

አንደኛ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የጦርነት አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይህ ሥልጣን በተግባር እንዲሠራ፣ ማንኛውም የጦርነት ጥያቄ ዓላማው፣ የሚጠበቀው ወጪና የገንዘቡ ምንጭ ተጽፎ ሳይቀርብ ለድምፅ እንዳይቀርብ የሚያስገድድ ሕግ እናወጣለን። «ዘመቻ» የሚል ስም ተሰጥቶትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ሁለተኛ፣ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የወሰደው ብድር በየወሩ በይፋ እንዲታወጅ እናደርጋለን። የባንኩ ገዥ በምክር ቤቱ እንዲጸድቅ፣ የሥራ ዘመኑ የተወሰነ እንዲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን «አይሆንም» በማለቱ ከሥራው እንዳይነሣ እናደርጋለን። በገንዘብ ጉዳይ ጭልፊት ያስፈልገናል፤ ጥፍሩ ግን ቅድሚያ ለካዝናው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ወለድና ብድር ሲጠብቅ የመንግሥት ወጪ ቀድሞ ይቀነሳል። ለአነስተኛ አምራቾች የሚሰጠው ብድር የሚነካው በመጨረሻ ነው።

አራተኛ፣ ከትጥቅ ትግል ውስጥ ካሉ ወገኖች ጋር ያለ ቅድመ ሁኔታ ለመነጋገር በራችን ክፍት ይሆናል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የፖለቲካ ተቃዋሚን ማሰሪያ አይሆንም።

አምስተኛ፣ በባሕር በር ጉዳይ ከጅቡቲ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከኬንያና ከሱዳን ጋር በአንድ ጊዜ የሚደራደር፣ ለምክር ቤቱ ሪፖርት የሚያቀርብ ቋሚ ቡድን እናቋቁማለን።

ሦስት ጥያቄዎች

ክቡራን መራጮች፣ በምርጫው ቅስቀሳ ወቅት ብዙ ጀግና ይመጣባችኋል። አንዱ ጎረቤትን ያስፈራራል፤ ሌላው ነጋዴን፣ ሌላው የሌላ ብሔር ተወላጅን። የእኛን እጩዎች ጨምሮ ማንም ይሁን ማን፣ ጥቂት ጊዜ ስጡትና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። የሚዘምተው የማን ልጅ ነው? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በምን ያልቃል?

ለመጀመሪያው «የእኔም ልጅ» ካላለ፣ ለሁለተኛው ቁጥር ካልጠቀሰ፣ ለሦስተኛው «በድል» ብቻ ብሎ ካለፈ፣ ሒሳቡን ለእርስዎ ትቶ የሚሄድ ሰው ነው። ከባድመ እስከ ፕሪቶሪያ ያየነው ሁሉ በመጨረሻ ያለቀው በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እኛ የምንለው ጠረጴዛው መቃብሩ ሳይቆፈር በፊት ይዘጋጅ ነው።

ዶሮዋ ጭልፊቱን አባርራ አታውቅም፤ ክንፏን ዘርግታ ልጆቿን ግን ታድናለች። የእርስዎ ክንፍ በምርጫው ቀን በእጅዎ የሚይዙት ወረቀት ነው። በጊዜ ይዘርጉት።